እቃው እስኪጫን

በእድራችን ጸሐፊነት አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሞት ላይ አርፍጄ አላውቅም። ትኩሳት ይዞኝ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ሄጃለሁ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም የባለቤቴ እህት ሠርግ ላይ ሚዜ ሆኜ ቆሜ ሳለሁ ስልክ ተደውሎልኝ ከነከረባቴ ድንኳን ስተክል ውያለሁ። ይህን የማወራው እንድትክቡኝ አይደለም። እንዴት ስኮራ እንደኖርኩ ካላወቃችሁ፣ ያደረግኩትን ነገር ክብደቱን አታውቁትም ብዬ ነው።

ስሜ ገብረአማኑኤል ነው። ሶዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ በሰፈር ግን ስሜን የሚጠራው ሰው የለም፣ ሁሉም «ጸሐፊው» ነው የሚለኝ። የእድራችንን አሠራር ልንገራችሁ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ወዲያው አይጮህም። መጀመሪያ ለጸሐፊው ይነገራል። ጸሐፊው ቄስ ይጠራል፣ ጥሩምባ ነፊውን ይልካል፣ ድንኳኑና ድስቱ ያለበትን ክፍል ይከፍታል። ሩቅ ላለ ዘመድ ደግሞ እዚያው አገር ላለ ሽማግሌ ይደውልና መርዶው በአካል ይነገራል። ለሥጋ ዘመድ በስልክ «ሞተብህ» ማለት በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው፤ ልጅም ለወላጁ መርዶ አይናገርም። እና ደግሞ አስከሬን ሳይወጣ ከሰፈሩ የቤት እቃ አይወጣም። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ቤት ልንቀይር ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዛሬ በር፣ ከርሞ መስኮት እያልን በዳሞታ ተራራ ግርጌ የሠራናት ቤት አለቀች። መንገዷ ግን ቀይ ጭቃ ነው፤ ዝናብ ከነካው እንኳን መኪና ፍየልም ያንሸራትታል። ሁለት ጊዜ ልንጫን ተነሥተን ሁለት ጊዜ ቀረን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተና በደንቡ መሠረት አራገፍን። ሁለተኛው ቅዳሜ ከሌሊት ጀምሮ ዘነበና ያሰርነውን ፈታን። በዚህ መካከል አከራያችን ቤቱን ከሌላ አገር ተመድቦ ለመጣ ሐኪም ሰጥተውታል፤ የሐኪሙ እቃ በሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት ይገባል። ስለዚህ በዚያ ቀን መውጣት የግድ ነበር።

እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ ያዝኩ ነው። ጆንያውን ሁሉ ቁጥር ለጥፌበት አርባ አንድ አደረስኩት። የትኛው ቁጥር ውስጥ ምን እንዳለ በደብተር ጻፍኩ። የአልጋውን ብሎን በላስቲክ ቋጥሬ በየእግሩ አሰርኩ። ባለቤቴ ወሰንየለሽ ብርጭቆ በጋዜጣ እየጠቀለለች «አንተ ሰው፣ ቤት ነው የምንቀይረው ወይስ ኦዲት ነው?» ትለኛለች። ከጓሮ የነቀለቻቸው የእንሰት ችግኞች ሥራቸው ከነአፈሩ በማዳበሪያ ታስሮ በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፤ እነሱንም ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ የማርያምወርቅ ናቸው። በእሳቸውና በእኛ ግቢ መካከል ያለው አጥር አንድ ጥግ ላይ ክፍት ነው፤ በዚያ ክፍት አሥራ ስድስት ዓመት ወጥ ተመላልሷል። ከወንድማቸው ልጅ ከፋና ጋር ነበር የሚኖሩት። ፋና ከቦምቤ ስትመጣ ገና ልጅ ነበረች፤ አሁን ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። አክስቷ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ የምታጥባቸውም የምታጎርሳቸውም እሷ ናት። የፋና አባት አቶ ዳልጮ ከቦምቤ በእግር አንድ ሰዓት ገባ ብሎ ያርሳሉ፤ ስልክ የላቸውም።

ግንቦት ላይ እትዬ የማርያምወርቅ አስጠሩኝ። ትራሳቸውን ከፍ አድርገው ተቀምጠው ነበር።

«ጸሐፊ፣ ዳልጮ ፊቴን ሳያይ አፈር እንዳታለብሱኝ» አሉኝ። «እናታችን የሞተች ጊዜ እኔ አልደረስኩም። እሱ ብቻውን ቀበራት። እስካሁን አንጀቴን ይበላኛል። እሱ እንደኔ እንዲሆን አልፈልግም።»

«በእኔ ይሁንብዎ» አልኳቸው። ደረቴን ነክቼ ነበር ያልኩት።

በዚያ በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰማዩን ለማየት ወጣሁ። ጥርት ብሏል። ዳሞታ ጉም ሳይለብስ ከነጫፉ ይታያል። «ተመስገን» ብዬ ሳልጨርስ ፋና በአጥሩ ክፍት ገባች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛዋለች።

«ጋሼ፣ አክስቴ አረፈች።»

«መቼ?»

«አሁን። ውሃ ስጪኝ አለችኝ። ይዤ ስመለስ የለችም።»

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የታየኝ እቃችንን የሚጭነው አይሱዙ ነው። እትዬ የማርያምወርቅም፣ ወንድማቸውም፣ ደረቴን ነክቼ የገባሁት ቃልም አልነበረም። ሹፌሩ ጥጋቡ ከአረካ እየነዳ በመንገድ ላይ እንዳለ ነው የታየኝ።

ከፋና ጋር ገባሁ። ተኝተዋል፤ ዓይናቸውን ፋና ከድናዋለች። አማተብኩና ወደ እሷ ዞርኩ።

«አታልቅሺ» አልኳት። «ቄሱ መጥተው ሳይገነዙ ድምፅ አይሰማም። በሩን ዝጊና ከጎናቸው ተቀመጪ። ሁሉንም የምጠራው እኔ ነኝ። እኔ መጥቼ ሳልነግርሽ ማንም እንዳይሰማ።»

«ለአባቴስ?»

«ለአባትሽም እልካለሁ። ቦምቤ መርዶ ለሚነግርልን ለቦልቴ እደውልለታለሁ፤ ሄዶ በአካል ይነግራቸዋል።»

«እሺ ጋሼ» አለች። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንዴም አርፍዶ የማያውቅ ሰው ነው የነገራት፤ ለምን ትጠራጠረኛለች?

ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ከደንብ ውጪ የሆነ ነገር የለም። ይህ ነው ዛሬም የሚያቃጥለኝ። እኔው በጻፍኩት ደንብ የልጅቱን አፍ ዘጋሁ። በሆዴ የያዝኩት ሒሳብ ሌላ ነበር፦ መኪናው አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ሁለት ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ጥሩምባው ይነፋል። ላረፈ ሰው የሁለት ሰዓት መቆየት ምኑ ነው? ነገ የሚቀበሩ መስሎ ይታየኝ ነበር መሰለኝ፤ በእኛ ሰፈር ግን የሞተ ሰው ያው በዕለቱ ነው የሚቀበረው፤ ይህንንም ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

ቤት ስገባ ወሰንየለሽ «ፋና ምን ፈልጋ ነው?» አለችኝ።

«እትዬ ሌሊቱን ሲያስላቸው አድሮ አሁን ገና እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እንዳትረብሹ ብላ ነው።»

ውሸቱ ሳላስበው ነው የወጣው። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ደህና ውሸት ሆኖ አገኘሁት።

መኪናው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። የእድሩ ሰዎች ሊያግዙን ተሰብስበዋል፤ አሥራ አንድ ወንድ ቆጠርኩ። የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደመስቀል ሳይቀሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። የእኛ ሰፈር ሰው ደግሞ ሸክምና ቀልድ አይለይም።

«ጸሐፊ፣ ለኛም ቁጥር ለጥፍልን እንጂ፣ አንዱን ረስተህ እንዳትሄድ!» አሉ አቶ ወልደመስቀል። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ከአጥሩ ወዲያ እንደሚሰማ እያወቅኩ ነው የሳቅኩት።

ቁም ሳጥኑ በእኛ በር አልታጠፍ አለ። ጥጋቡ ዞሮ አየና «በዚህ በጎረቤት በኩል ነው የሚወጣው፣ ሌላ መላ የለውም» አለ። አራት ሰዎች ተሸክመውት በአጥሩ ክፍት አሻገሩትና ትንፋሽ ሊወስዱ አስቀመጡት። ያስቀመጡት እትዬ የማርያምወርቅ መስኮት ሥር ነው። እዚያው ቆመው አንዱ የሌላውን ጉልበት እየተሳደቡ ይሳሳቃሉ። እኔ መጋረጃውን ነው የማየው። ትንሽ ተነቃነቀና ቆመ።

«ቀስ በሉ፣ የታመመ ሰው አለ» አልኳቸው።

«ውይ፣ ይቅርታ» አሉና ዝም ብለው አነሱት። ምን ያህል ደግ ሰዎች እንደነበሩ!

ወሰንየለሽ ደግሞ ለእትዬ የማርያምወርቅ ያዘጋጀችውን የዳጣ ብልቃጥ ይዛ መጣች። አረንጓዴ ሚጥሚጣውን፣ ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን ሌሊት ስትፈጭ ነው ያመሸችው።

«ልሰናበታቸው» አለች።

«ተኝተዋል አልኩሽ እኮ! ነገ እንመጣ የለም እንዴ? አረካ እንኳ አይደለም የምንሄደው።»

በሩ ድረስ ሄደች። ጆሮዋን አስጠግታ ትንሽ ቆመች፣ ብልቃጡን ደፉ ላይ አስቀመጠችና ተመለሰች። «ጸጥ ብሏል» አለችኝ። ፋና ውስጥ ሆና የእግሯን ኮቴ ሰምታለች፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ተጭኖ ሲያልቅ ሦስት ሰዓት ሆነ። እዚያው መቅረት እችል ነበር። ወሰንየለሽ ከጥጋቡና ከሁለት ሰው ጋር ሄዳ ማራገፍ አያቅታትም። ነገር ግን መኪናው ገና ከበር ላይ ሳይንቀሳቀስ ጥሩምባ ባስነፋ «መቼ ሞቱ?» ይባላል፤ ያሸከምኳቸው ሰዎች ፊት ለፊቴ ቆመው «እኛ ስንስቅ ነው የሞቱት?» ይሉኛል። ስለዚህ ሞታቸው ከጭነቱ ራቅ ማለት ነበረበት። ጧት ሦስት ሰዓት ያህል የሰረቀ ሰው፣ ያንን ለመሸፈን ሌላ ሰዓት መስረቅ ግድ ሆነበት። ከጥጋቡ ጎን ጋቢና ገባሁ።

ዳገቱ ላይ ጎማው ሰጠመ። ድንጋይና ቅጠል እየጎዘጎዝን ገፋን። እቃውን አራግፈን ስንጨርስ አራት ሰዓት አልፏል። ባጃጅ ይዤ ስመለስ ሸሚዜ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

በሩን ስከፍት ፋና ትቻት በሄድኩበት ተቀምጣ አገኘኋት። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳዋለች። አየችኝና ከአፏ አወጣችው።

«አሁን ይቻላል?» አለችኝ።

«ይቻላል» አልኳት።

አፏን ከፈተች። ድምፅ የለም። ደግማ ሞከረች፤ ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣው። ከዚያ ጥሩምባው ተነፋ፣ ሴቶቹ እየጮሁ ገቡ፣ እሷ እንደተቀመጠች ቀረች።

ለቦምቤው ቦልቴ ደወልኩ። «መቼ ነው ያረፉት?» አለኝ። «አሁን፣ አራት ሰዓት ላይ» አልኩት። አንዴ ያልኩትን ለቄሱም አልኩ፣ ለአቶ ወልደመስቀልም አልኩ። ቦልቴ ወዲያው ሞተር ተከራይቶ ሄደ፤ ግን አቶ ዳልጮን ከእርሻ አስጠርቶ፣ ሰው አሰባስቦ፣ ቦምቤ ወርዶ፣ መኪና አግኝቶ፣ በአረካ ዞሮ ሶዶ ለመድረስ ግማሽ ቀን ያስፈልጋል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ደውዬለት ቢሆን ቀትር ላይ ይደርሱ ነበር። ይህን ሒሳብ በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አልነግራችሁም።

የገነዙት ሴቶች ሲወጡ ተንሾካሾኩ። «ክንዳቸው እምቢ አለን፣ አልታጠፍ አለ» አለች አንዷ። «ይሄ የአራት ሰዓት ሬሳ አይደለም። ልጅቷ ተኝታ አርፍዳ ነው ያገኘቻቸው።» ሌላዋ ወደ ፋና ዞር ብላ አየቻት። «እንባ እንኳ የላትም» አለች። ከኋላቸው ቆሜ ሰማሁ። የድንኳኑ ገመድ የላላ ይመስል ሄጄ ጠበቅ አደረግኩት።

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመን ወንድምየውን ጠበቅን። ዘጠኝ ተኩል አለፈ። ሰማዩ ከበደ። ቄሱ «ጉድጓዱ ውሃ ሊሞላ ነው፣ ከዚህ በላይ ማቆየት አንችልም» አሉ። አሥር ሰዓት ላይ የሕይወት ታሪካቸውን አነበብኩ፤ ይህም የጸሐፊ ሥራ ነው። «...ዛሬ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል» ስል ቀና አልኩ። ፋና ዓይን ዓይኔን ታያለች። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። ግራ ተጋብታ ነበር፤ ምናልባት ራሷ የተሳሳተች መስሏታል።

አቶ ዳልጮ የደረሱት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እኛ ከቀብር ስንመለስ ነው። ከሃያ የማያንሱ ሰዎች ከሚኒባስ ወርደው ሙሾ እያወረዱ መጡ። ሽማግሌው ከፊት ናቸው፤ ሱሪያቸው የእርሻ ሱሪ ነው፣ ላዩ ላይ ብቻ ኮት ደርበዋል። እጃችን ላይ ያለውን አፈር አዩና ቆሙ። ሙሾውም ቆመ።

«ቀበራችሁ?» አሉ።

መቃብሩ ድረስ በዝናብ ሄዱ። ተንበርክከው ሁለት እጃቸውን ጭቃው ውስጥ ከተቱ። «ታ ሚቼ» ይላሉ፣ እህቴ ማለታቸው ነው፣ «ታ ሚቼ፣ ታ ሚቼ»። የእህታቸውን ፊት ሊያዩ የመጡትን ሰው ጭቃውን ሲዳብሱ አየኋቸው። የዚያን ቀን ራሴን ጠላሁት፤ ግን አልተናገርኩም።

እሑድም አልተናገርኩም። እሑድ ሙሉ ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የምሰማው ስለ ፋና ነው። ሬሳ አቅፋ ያረፈደች፣ አክስቷ ብቻዋን የሞተችባት፣ ልበ ደረቅ። አሥራ አንድ ዓመት ያስታመመችበት በአንድ ቀን ወሬ ተበላ። እሷ ዝም ብላ ውሃ ትቀዳለች፣ ሰሃን ታጥባለች። አንዴ ከጓሮ ብቻዋን አገኘኋት።

«ለምን አትነግሪያቸውም?» አልኳት። ለራሴ መናገር ያቃተኝን እሷ እንድትናገርልኝ መፈለጌ ነው፤ ይህም ሌላ ክፋት ነው።

«እርስዎ አራት ሰዓት አሉ» አለችኝ። «እርስዎ ካሉ ምን እላለሁ? ማንን ያምናሉ?»

ሰኞ ሣልስት ነበር። ቄሶቹ ጸልየው ጨረሱ፣ ምግብ ቀረበ። ፋና ማስታጠቢያ ይዛ ከአባቷ ጀመረች። ጎንበስ ብላ ልታስታጥባቸው ስትል አቶ ዳልጮ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሰበሰቡ።

«ሌላ ሰው ያስታጥበኝ» አሉ።

ፋና አልተንቀሳቀሰችም። ጆጉ እንዳዘነበለ ውሃው ጫማዋ ላይ ይፈሳል።

«እህቴ መቼ ነው የሞተው?» አሉ አባቷ፣ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛቸው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ሴቶቹ ነገሩኝ። ደርቆ ነው ያገኘነው አሉ። አንቺ ተኝተሽ ነበር? ሬሳ አስቀምጠሽ ተኛሽ? ሌሊት ብትነግሪ እኔ ፊቱን አይ ነበር።»

ፋና ወደ እኔ አላየችም። ብታየኝ ኖሮ ምናልባት አንገቴን እደፋ ነበር። አለማየቷ ነው ያስነሳኝ።

«አልተኛችም» አልኩ። ተነሥቼ የድንኳኑን ምሰሶ ያዝኩ። «አባባ ዳልጮ፣ ልጅዎ አልተኛችም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ያረፉት፤ ያን ጊዜውኑ መጥታ ነግራኛለች። አታልቅሺ፣ ለማንም አትንገሪ ያልኳት እኔ ነኝ። ቄስ እጠራለሁ፣ ለአባትሽ እልካለሁ አልኳት። አልጠራሁም። አልላክሁም። እቃዬን እየጫንኩ ነበር።»

ጨረስኩ ብዬ ነበር፣ አልጨረስኩም።

«እርስዎ ፊታቸውን ሳያዩ እንዳልቀብራቸው እህትዎ ለምነውኝ ነበር። በእኔ ይሁን ብያቸው ነበር። ዝናብ ሳይመጣ እቃው እንዲገባልኝ ብዬ ነው።»

ጮክ ብዬ ስናገረው ምን ያህል ትንሽ ምክንያት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። አቶ ወልደመስቀል መሬት መሬት ያያሉ። እዚያች መስኮት ሥር የሳቁ ሰዎች አንድ በአንድ ፊታቸው ተለወጠ፤ የሳቁትን ሳቅ እያስታወሱ ነበር። ከሴቶቹ በኩል የወሰንየለሽ ድምፅ መጣ።

«ተኝተዋል አልከኝ» አለች። «በሩ ላይ ቆሜ ነበር እኮ። ተኝተዋል አልከኝ።»

ፋና ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና ያን ጊዜ ድምፅ ወጣላት። ሴቶቹ፣ ሲያሟት የነበሩት ጭምር፣ ተነሥተው ከበቧት። አባቷ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ሲፈልጓት አየሁ፤ በሰው ብዛት አልደረሱባትም።

እኔን የተሳደበኝ የለም። ስድብ ቢገኝ በወደድኩ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አቶ ዳልጮ ትከሻዬን ይዘው አስቆሙኝ፣ ግን አላዩኝም። አቶ ወልደመስቀል አጠገቤ መጥተው ቀስ ብለው «ቁልፉን ስጠኝ» አሉኝ። የድንኳኑንና የድስቱን ክፍል ቁልፍ ማለታቸው ነው። ሰፈር ስለምለቅ በሚመጣው ስብሰባ ላይ ተመርቄ፣ ተመስግኜ የማስረክበው ቁልፍ ነበር። ከኪሴ አውጥቼ እዚያው ሰጠኋቸው።

ማክሰኞ ጠዋት በአዲሱ ቤት ተቀምጠናል። አንድም ጆንያ አልተፈታም። ወሰንየለሽ ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም፤ ሌሊት ፍራሹን ዘርግታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው ያደረችው። በሩ ሲንኳኳ እሷ ከፈተች። አቶ ዳልጮና ፋና ናቸው። ያን ዳገት በእግራቸው ነው የወጡት፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ወደ ቦምቤ ሊመለሱ ነው፣ ፋናም አብራ ልትሄድ ነው።

ወሰንየለሽ ወንበር አቀረበች። አቶ ዳልጮ አልተቀመጡም። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«እቃው ይሄ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ይሄ ነው።»

ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ። ሶፋውን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት። አንዱን ጆንያ ነኩ። «ይሄስ ምንድን ነው?»

«ብርጭቆ ነው።»

«ይሄስ?»

«ድስትና ሰሃን።»

«ይሄስ?»

«መጋረጃ፣ ልብስ...»

እንዲህ እያሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሄዱ። እያንዳንዱን ጠየቁ፤ እኔም እያንዳንዱን መለስኩ። ደብተሩን ማየት አላስፈለገኝም፣ ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። እየቆየ ግን መመለስ ተውኩና ለመጨረሻዎቹ ጆንያዎች ወሰንየለሽ መለሰችልኝ። ፋና በር ላይ ቆማ አባቷን ትጠብቃለች።

ሲጨርሱ መሐል ክፍሉ ላይ ቆመው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። አዲስ ቤት የገባ ሽማግሌ ሳይመርቅ አይወጣም። መጀመሪያ በወላይትኛ መረቁ፣ ከዚያ በአማርኛ ደገሙት፤ የልጅ ቤት፣ የእንግዳ ቤት፣ የጤና ቤት ይሁንላችሁ አሉን። ከምርቃቱ አንድም ቃል አላጎደሉም። አሜን ማለት ነበረብኝ፤ አሜንም አልኩ።

ዱላቸውን አንሥተው ደፉን ከተሻገሩ በኋላ ወደ ውስጥ ዞረው አንድ ጊዜ ደግመው አዩ። ሽሙጥ ፈልጌባቸው ነበር፤ ቢያሸሙጡ ይቀለኝ ነበር። ግን አርሶ አደር ናቸው፣ የደከሙበትን ነገር ዋጋ ያውቃሉ፣ ያሉትንም ከልባቸው ነው ያሉት።

«ጥሩ እቃ ነው» አሉኝ። «ዝናብ ቢነካው ይበላሽ ነበር።»

ፋና ክንዳቸውን ያዘች፤ ዳገቱን ቀስ እያሉ ወረዱ።